የመምህር ቀለመ ወርቅ ምሳሌዎች

ምሳሌ ሳይጠቅስ መናገር የማይችል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። "እንደምን አደሩ?" ብትሉት እንኳ "ለምሳሌ ያህል፣ ባላድር ኖሮ..." ብሎ ይጀምርላችኋል። ለከተማችን ለንፋስ መውጫ የደረሷት ግን ክቡር ሊቀ ምሳሌ መምህር ቀለመ ወርቅ ናቸው።

እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ያስተምራሉ። እንግሊዞች አንዱን ግስ ከትንሽ ቃል ጋር አጣምረው አዲስ ትርጉም ያወጡለታል፤ መምህሩ ደግሞ እነዚህን ጥምር ግሶች በፊደል ተራ አሰልፈው በፈረንሳይኛ የሚፈታ መጽሐፍ መጻፍ ከጀመሩ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። "ለጋይንት ገበሬ ይህ ምን ይረባዋል?" እያልኩ እኔ የሒሳብ አስተማሪው ስንት ጊዜ ቀልጄባቸዋለሁ።

ለእያንዳንዱ ግስ አንድ ምሳሌ፣ ለእያንዳንዱ ምሳሌ አንድ የሰው ስም ያስፈልጋል። አዳሉ እንዳይባሉ ስሙን የሚወስዱት ከሚካኤል ማኅበራችን የድግስ ተራ ነው። "ግሱን ፊደል ያመጣዋል፣ ሰውን ማኅበር። እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ" ይላሉ። "ተራ አይዘለልም!"

"ፎል ዳውን" ደረሰ፤ በፈረንሳይኛ "ቶምቤ"። ምሳሌው "ይግዛው ከበቅሎው ወደቀ" ይላል። ቅዳሜ ዕለት ይግዛው ከበቅሎው ወደቀ። ሳቅን። "ጊቭ ባክ" ላይ ጓዴ የሚባለው ገበሬ የተዋሰውን ማረሻ መለሰ ብለው ጻፉ። ጓዴ አራት ዓመት ሙሉ ያስቀረውን ማረሻ ሰኞ ጠዋት ተሸክሞ መጣ፤ "ምን እንደነካኝ እንጃ" እያለ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም። በ"ጎ አዌይ" የውብነሽ ጊደር ከነገመዷ ሄደች፤ ዱካዋ እንኳ አልተገኘም።

ሰዉ የክርስትና ስሙን ከደብተራ እንደሚደብቅ ሁሉ የዓለም ስሙንም ከመምህሩ ይደብቅ ጀመር። እሳቸው ገበያ ብቅ ሲሉ ሁሉም "አንተ"፣ "አንቺ" ብቻ ይባባላል። ወይዘሮ ጌጤ አንድ ቅል ማር ይዘው ሄዱ።

"የኔታ፣ እባክዎ ለኔ ደግ ግስ ይፈልጉልኝ።"

"እመቤቴ፣ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። ማሩንም ይውሰዱት።"

በሰኔ ባለቤቴ ማሬ በተስቦ ወደቀች። በስድስተኛው ቀን ሰው መለየት አቃታት። አጠገቧ ተቀምጬ ሳላስበው በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ቀጣዩ ግስ "ፓስ አዌይ" ነው፤ በፈረንሳይኛ "ሙሪር"፤ መሞት ማለት ነው። ቀጣዩ ተራ የእኛ ቤት ነው፤ ማኅበሩ ላይ የተመዘገበችው ደግሞ ማሬ ናት። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ሦስቴም እዚያው ደረስኩ።

እኩለ ቀን ነበር፤ ጉሙ ግን የቤቱን ክዳን ሁሉ ውጦታል። መንገድ ላይ አንድ ሰው አላገኘሁም። መምህሩ በራቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

"ስለ ሚካኤል ብለው ይለፉን።"

"ተራ አይዘለልም" አሉ ቀስ ብለው።

"እንግዲያው ሊገድሏት ነው?"

"የማኅበሩን ደንብ ረሳኸው? በሽተኛ ያለበትን ቤት ተራ ሌላው ማኅበርተኛ ይወስዳል።"

ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ቀለሙ ገና አልደረቀም። እንግሊዝኛው "ቀለመ ወርቅ አረፈ" ይላል። ከሥሩ የፈረንሳይኛው መስመር ባዶ ነው።

"ፈረንሳይኛውስ?"

"እሱን ላቆየው" አሉ። "ፈረንሳይኛው ካልተጻፈ ምሳሌው አልተፈጸመም።"

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ማሬ አጥሚት ጠየቀች። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነን። መምህሩ ያን መስመር ሳይሞሉ ወደሚቀጥለው ግስ አይሄዱም፤ ስለዚህ የዘጠኝ ዓመት ድካማቸው እዚያው ቆሟል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሹም "ካለቀ እናሳትመዋለን" ቢላቸው አንገታቸውን ደፍተው "ገና ነው" አሉት። ያን መጽሐፍ እንዴት እንደሚወዱት አውቃለሁ። እኔም እሳቸውን እወዳቸዋለሁ፤ ስቀልድባቸው የኖርኩት እኔው ልናገረው ይገባኛል።

ጠዋት ጠዋት በራቸውን ሳላንኳኳ ትምህርት ቤት አልገባም። "መምህር፣ አሉ?" እላለሁ። "አለሁ! ምን ሆነሃል አንተ ሰው!" ብለው ሲቆጡኝ ነው ልቤ የሚመለሰው።

ዛሬ ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ መልስ የለም። ገፍቼ ስገባ ደብተሩን ዘርግተው፣ ብዕሩን ቀለም ነክረው፣ ባዶውን መስመር ያያሉ። "ሳልጨርሰው ላርጅ?" አሉኝ። ብዕሩን ከእጃቸው ወስጄ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ብዕር ነው። እንግዲህ እኔም አንድ ምሳሌ ልጻፍ፦ መምህር ቀለመ ወርቅ በሕይወት አሉ፤ ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ።