ካርታዬ ሽማግሌ የላከበት አረንጓዴ በር

ጎበዝ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ይሄ ልጅ ላይክ ፍለጋ ፈጥሮ ነው» ትላላችሁ። ወላሂ አልፈጠርኩም!

ዛሬ አንዲት ሴት፣ ሽማግሌዎች ፊት፣ «አላገባውም» አለችኝ።

እምቢታውስ ባልከፋ ነበር። እኔ ግን እሷን አልጠየቅኳትም!

ቆይ ከመጀመሪያው ልጀምር። ስሞቹን ቀይሬያለሁ። ከተማዋንም አልጠራም፤ ከዱራሜ ወዲህ ካሉት ከተሞች አንዷ ናት ብላችሁ እለፉት። አዎ፣ እኔ ነኝ! «ፎቶ ስትጭኑ ሎኬሽን አብሩ፣ ሎኬሽን አብሩ» እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የከረምኩት ሰውዬ ዛሬ ሎኬሽን አልሰጥም።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ጠባብ የኮምፒውተር ቤት የኔ ናት። ፎርማት አደርጋለሁ፣ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ መብራት ሲሄድ በር ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። ሲመጣ ደግሞ ማሻፕ እሠራለሁ።

«ማሻፕ ደግሞ ምንድን ነው?» ላላችሁ፣ ካርታውን ከአንድ ድረ ገጽ፣ ፎቶውን ከሌላ፣ ቪዲዮውን ከሌላ አምጥቶ አንድ ገጽ ላይ ማገጣጠም ነው። ድረ ገጾቹ ዕቃቸውን የሚያውሱበት በር አላቸው፤ ኤፒአይ ይባላል። ጎረቤት ከጎረቤት ወንፊት እንደሚዋዋሰው ማለት ነው። ሁሉም ነገር የውሰት ነው፤ ጉራው ብቻ የራሴ ነው።

ፎቶ ስታነሱ ስልካችሁ የቆማችሁበትን ቦታ አብሮ ይይዛል። የኔ ኮድ ያንን አንብቦ ካርታው ላይ ፒን ይተክላል። ፒኑን ስትነኩት ፎቶው ብቅ ይላል። እንደዚህ አድርጌ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ዳምቦያንም አንጋጫንም ጨምሬ፣ ገበያውን፣ መስጊዱን፣ ቤተክርስቲያኑን፣ ሻይ ቤቱን ሁሉ ፒን በፒን አድርጌዋለሁ። ስንቶቻችሁ ናችሁ «አንተ እኮ ጀግና ነህ» ብላችሁ ኮሜንት የጻፋችሁልኝ?

ኮሜንታችሁን መልሱልኝ!

ወደ ጉዳዩ። ሐያት የምትባል ልጅ አለች። እዚሁ ሆሳዕና ኮሌጅ ስትማር ሱቄ አሳይመንት ልታስጠርዝ መጥታ ነው የተዋወቅነው። እወዳታለሁ። ይሄንንም በፌስቡክ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፣ አትሳቁብኝ። ተመርቃ ወደ ቤተሰቦቿ ተመለሰች፤ እኔም እንደ ወጉ ሽማግሌ ልልክ ቆረጥኩ።

አጎቴ ጋሽ ከድር የሽማግሌዎቹ አለቃ ሆኑ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ የተጣላ ሲያስታርቁ ነው የኖሩት። አንድ ነገር ግን አሳሰባቸው።

«የልጅቷን ቤት እንዴት ነው የምናገኘው?» አሉኝ። «እየጠየቅን ከገባን ጉዳችን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሦስት ሽማግሌ በባለ ጥለት ጋቢ ተሰልፎ «የእከሌ ቤት የት ነው?» ካለ አለቀ! ምሳ ሳይደርስ አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። እምቢ ከተባለ ደግሞ ውርደቱ የሁለቱም ቤት ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ መንገድ አይጠይቅም። ሹልክ ብሎ ይገባል፣ ሹልክ ብሎ ይወጣል።

እኔ ሆዬ ደረቴን ነፋሁ። «ጋሼ፣ ሰው ሳይጠይቁ በር ድረስ የሚያደርስዎትን እኔ እሠራለሁ!»

ሠራኋ!

ሐያት ቤት ሄጄ አላውቅም። ሽማግሌ ሳይሄድ እኔ የት አባቴ እሄዳለሁ? ሳተላይቱን ስከፍተው የሚታየው እንሰትና ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ የማን ቆርቆሮ እንደሆነ አይናገርም። ግን ሐያት ኦንላይን አልበሟ ላይ የምትወደው ፎቶ አለ። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ተደግፋ፣ በባዶ እግሯ፣ የቤት ልብስ ለብሳ እየሳቀች። ሰው በባዶ እግሩና በቤት ልብስ የሚስቀው የት ነው? ቤቱ ነዋ!

ፎቶው ሎኬሽን አለው። ኮዴ አነበበው። ፒኑ ቀጥ ብሎ ተተከለ።

ደውዬ «ሐያትዬ፣ ይሄ ቤታችሁ ነው?» ብላት ምን ነበረበት? ምንም። ሳልጠይቃት ያወቅኩ እንድመስላት ፈልጌ ነው። ሙያ በልብ ነው ብዬ!

ኔትወርኩ ስለማይታመን ገጹን ቀድሜ ከፍቼ ስማርት ስልኬን ለጋሽ ከድር ሰጠኋቸው። እኔ ባለ ቁልፏን አሮጌ ስልክ ያዝኩ። ዛሬ ጠዋት አብረን በሚኒባስ ሄድን። እነሱ ስልኩን ይዘው ሽቅብ ሲወጡ እኔ ገበያው ዳር ሻይ ቤት ቀረሁ፤ ሙሽራ ሽማግሌ አይከተልም።

በኋላ እንደነገሩኝ ጋሽ ከድር በሩ ጋ ሲደርሱ ስልኩን ከፍ አድርገው አዩ፣ በሩን አዩ፣ ደግመው ስልኩን አዩ። ያው አረንጓዴ በር! ያው የተላጠ ቀለም! «ይሄ ልጅ እኮ ሊቅ ነው» አሉ አሉ፤ ገቡ።

እኔ ሻዬን ደግሜ ሳዝ ስልኬ ጮኸ። ሐያት ናት።

«ሽማግሌዎችህ የት ቀሩ? አባዬ ከጠዋት ጀምሮ ጃኬት ለብሶ ቁጭ ብሏል!»

«ገብተዋል እኮ!»

«የት?»

ይቺን «የት» እስክሞት አልረሳትም።

«ሐያት... ያ አረንጓዴ በር ላይ የተነሳሽው ፎቶ...»

«ዘይነብ ጋ ነዋ። ጓደኛዬ። ምነው?»

ሻዩን ጥዬ ሮጥኩ!

ስለ ዘይነብ ሐያት ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ከሷ በዕድሜ ከፍ ትላለች፤ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። አባቷ ሞተዋል፤ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እኩዮቿ ልጆቻቸውን እሷ ክፍል ያስገባሉ። ሰፈሩ «ምነው ቆየች?» እያለ ነው፤ እናቷ ደግሞ ይሄን «ምነው ቆየች» በየለቅሶው፣ በየሰርጉ እየሰሙ ዝም ይላሉ።

እና እዚያ ቤት ነው ካርታዬ ሦስት ሽማግሌ የላከው።

እስቲ አስቡት። ሴት ልጅ ያላቸው እናት ናቸው። ባላሰቡት ቀን ሦስት ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ «ሰላም ለዚህ ቤት» ሲል ሌላ ምን ይመጣባቸዋል? ወንድማቸውን ከጎረቤት አስጠርተው እንግዳ አስቀመጡ። ለጋሽ ከድር ወንድምየው የልጅቷ አባት መሰላቸው። ሽማግሌ ደግሞ ስም አይጠራም፤ «ልጃችሁን ለልጃችን» ነው የሚለው። አስተናጋጁም እሺም እምቢም አይልም፤ «እንመካከር» ነው የሚለው። ሁሉም ወጉን በትክክል ጠበቀ። ስህተቱን ሊያወጣ የሚችል አንድ ቃል ከማንም አፍ አልወጣም!

በሩ ጋ ስደርስ እናትየው ከጓዳ ሲወጡ ተገጣጠምን። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «እማማ፣ ሽማግሌዎቹን የላክኳቸው እኔ ነኝ...» አልኩ።

«በስህተት ነው» ልል ነበር። ወላሂ ልል ነበር!

አላስጨረሱኝም። አቅፈው ሳሙኝ። አገላብጠው ሳሙኝ! «አላስችል ብሎት መጣ! ጉድ በሉ!» እያሉ ይስቃሉ፣ ዓይናቸው ደግሞ እንባ ሞልቷል። እጃቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ለዒድ ያስቀመጡትን ቅቤ አውጥተው ቡላ እያገነፉልን ነበር።

«ዘይነብ፣ ውሃ አምጪለት!» ብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ።

ዘይነብ ጆጉን ይዛ መጣች። አየችኝ። በፎቶ ታውቀኛለች፤ ሐያት የማታሳያት ነገር የለም።

እጄ ላይ ውሃ እያፈሰሰች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ካርታህ ነው አይደል?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ሻይ ሳቀርብ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ በርቶ ነበር። ሐያት በኛ በር ላይ። እኔ ነኝ ያነሳኋት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች። እናቷ ለራሳቸው እያንጎራጎሩ ነው። «አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም» አለች። «ትንሽ ትቆይበት ብዬ ነው።»

ጎበዝ፣ እኔ እዚያች በረንዳ ላይ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ገብቼ እውነቱን እናገራለሁ» አልኳት።

«እንዳትሞክረው!» አለች። አስተማሪ ስትቆጣ ታውቃላችሁ፣ ያንን ቁጣ ነው የተቆጣችኝ። «'በስህተት ነው የመጣነው' ልትላት? ነገ ጎረቤት 'ሽማግሌው ቤት ተሳስቶ ነው' ሲላት እናቴ የት ትገባለች? አንተ ዝም በል።»

ጆጉን አስቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች። ሳሎን ገባች። እኔ ከኋላዋ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባቶቼ፣ ድፍረት አይሁንብኝ» አለች። «ያሳደጋችሁትን ልጅ አልናቅኩም። ግን ቀጠሮ እየተሰጣችሁ እንዳትመላለሱ ብዬ ነው። እኔ አላገባውም። ልቤ አልፈቀደም።»



አጎቷ ከወንበሩ ብድግ አለ። እናቷ ገንፎውን እንደያዙ ጓዳው ደፍ ላይ ቀሩ። ጋሽ ከድር ልጅቷን አዩ፣ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አዩ፣ ስልኩን አዩ። የሽማግሌ ነገር፣ ገባቸው። ቀስ ብለው ስልኩን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ልጄ፣ በግልጽ ነግረሽናል፤ አላስጉላላሽንም» አሏት። «አላህ ያክብርሽ።» ከዚያ ቤቱን መረቁ።

ገንፎውን በላን።

ስንወጣ እናትየው እስከ በሩ ሸኙኝ። እኔ ደግሞ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቻለሁ። ትከሻዬን ያዙኝ።

«አትዘን ልጄ» አሉኝ። «ልቧ ደንዳና ነው፣ አባቷን ነው የወጣችው። አትቀየማት። አላህ የተሻለች ይስጥህ።»

እኔን ነው የሚያጽናኑት! እኔን!

«አሚን» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ዳቦ በፌስታል አስያዙኝ። ለመንገድህ ብለው።

ወደ ሐያት ቤት ሽማግሌዎቹ እየጠየቁ ሄዱ። አዎ፣ እየጠየቁ! በእንሰቱ አጥር ሥር ላገኙት ሁሉ እየጠየቁ። አገሩ ሰማ፤ ይስማ! እኔ ውጭ ቀረሁ፤ ውስጥ የሆነውን ጋሽ ከድር ናቸው የነገሩኝ። የሐያት አባት አሁንም ጃኬታቸውን አላወለቁም።

«መንገድ ጠፍቶን ነው» አሏቸው ጋሽ ከድር።

«ለመጠየቅ ምን ከለከላችሁ?» አሉ አባትየው።

ሦስቱም ጠግበው እንደ አዲስ በሉ። መልሱም ያው ነው፦ «ተመካክረን እንነግራችኋለን።» እስከ መቼ እንደሚመካከሩ አላህ ይወቅ። አባትየው የጠዋቱን ወሬ የሰሙ እንደሆነ ልጃቸውን «እምቢ ለተባለ ሰው መጽናኛ» አድርገው ያዩዋታል ብዬ ፈርቻለሁ።

ለሐያት የሆነውን በስልክ ነግሬያት ነበር፤ ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ ቴክስቷ ገባ። «ዘይነብ እምቢ ያለችውን ነው እኔ እሺ የምለው?»

መልስ እየፈለግኩ ሌላ ገባ። «ዘይነብ ግን ደህና ናት?»

አላውቅም ብዬ ጻፍኩላት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ወጥተን ስንሄድ በሩ ላይ አልነበረችም።

ጋሽ ከድር ከሚኒባሱ ሲወርዱ ስልኬን መለሱልኝ። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሊቅ ብዬህ ነበር» ብቻ አሉኝ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚባለውን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ለካ የረሳሁት ለዛሬ ኖሯል።

ሱቄ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ያንን ፒን ላጠፋ ነካሁት። ፎቶው ብቅ አለ፦ ሐያት በባዶ እግሯ። እያየሁ ስስቅ የኖርኩት ፎቶ ነው። ዛሬ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከታች፣ መሬቱ ላይ፣ የፎቶ አንሺዋ ጥላ አለ። ዘይነብ ናት። ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበረች፣ አላየኋትም።

አጥፋ ስለው ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ስተክለው የት ነበርክ!

አጠፋሁት። ካርታው ላይ ያለው እንሰትና ቆርቆሮ ብቻ ሆነ።

ዳቦው ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልቆረስኩትም። እኚያ እናት የዒዳቸውን ቅቤ ያወጡት ልጃቸውን ለፈለገ ሰው ነው፤ ያጽናኑትም የተሰበረ ልብ ያለው መስሏቸው ነው። ዘይነብ ዝም በል ብላኛለች፣ ዝም እላለሁ፤ ስምና ከተማ የደበቅኩትም ለዚሁ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ይሄን ዳቦ አሁን በየትኛው አፌ ልብላው?