ግድብ ላይ ፎቶ ክልክል ነው

የሆላንድ ሰው ግድብ ይወዳል። ከመውደዱ የተነሳ ከተሞቹን ሳይቀር በግድብ ስም ነው የሚጠራው፤ አምስተርዳም አለ፣ ሮተርዳም አለ፣ እኔ የምኖርባት ትንሿ ስኪዳም እንኳ ከግድብ ስም አላመለጠችም። ታዲያ እስቲ ግድቡን አሳዩን በሏቸው! አምስተርዳም ላይ ይህን ብትጠይቁ የሚወስዷችሁ እርግብና ቱሪስት ወደሚተራመስበት አደባባይ ነው። ስኪዳም ላይ ብትጠይቁ ደግሞ ጎረቤቴ ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ሱፐርማርኬቱ ትጠቁማችኋለች። እኔ ራሴ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አገር ስኖር አንድም ቀን ግድብ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር አምሮኝም አያውቅ። ከውሃ ጋር ያለኝ ትውውቅ ከሥራዬ አያልፍም።

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ አቅም ያነሳቸውን አዛውንቶች መንከባከብ ነው፤ እዚህ ታውስዞርኽ ይሉታል። በቀን ስድስት ሰባት ሽማግሌና አሮጊት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ካልሲ አጠልቃለሁ። ካልሲው ዝም ብሎ ካልሲ እንዳይመስላችሁ፤ ለእግር እብጠት ሐኪም የሚያዘው፣ ለማጥለቅ ሁለት ጉልበትና አንድ ጸሎት የሚፈልግ ካልሲ ነው። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አባቴ ከአዲስ አበባ በሦስት ወር ቪዛ የመጡት። እኔ የሰው አባት ሳጥብ ለመዋል፣ የራሴን አባት ኮታቸውን እንደለበሱ ሶፋ ላይ ትቻቸው እወጣለሁ። ስመለስም እዚያው ናቸው። ምን ሲያደርጉ ዋሉ ስላቸው ቤት ስጠብቅ ይሉኛል። ሦስቱ ወር እንዲህ እንደዋዛ አለቀና፣ ማክሰኞ ሊሄዱ ቅዳሜ ደረሰ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ተመልሰው እንደማይመጡ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አንዳችንም አላነሳነውም፤ ሳምንቱን ሙሉ የምናወራው ስለ ሻንጣ ኪሎ ነበር።

መጠበቅ ለአባባ ቀልድ አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት የፊንጫ ግድብ ዘበኛ ነበሩ። እኛ ልጆቻቸው ከእናታችን ጋር ጉለሌ ስናድግ፣ እሳቸው በሁለት ወር አንዴ ብቅ ብለው ሦስት ቀን ያድሩና ይመለሳሉ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የአባታችሁን ሥራ ሳሉ ተባልን። እኔም አንድ ትልቅ ግድግዳ ስዬ ከፊቱ ኮት የለበሰ ሰው አቆምኩ። አስተማሪዬ ሥዕሉን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አባትሽ እስር ቤት ናቸው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ታድርግ! እኔም ብሆን ግድቡን አይቼው አላውቅ፣ አባባንም ሥራ ላይ ሆነው አይቻቸው አላውቅ። ፎቶ እንኳ የለም። ለምን የለም ትሉኝ ይሆናል። ግድብ ላይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነዋ! ከልካዩስ ማን ሆነና? እሳቸው ራሳቸው።

በሦስቱ ወር ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ሶፋ ላይ የተነሱ ናቸው፤ ለፓስፖርት እንጂ ለልጅ የተነሱ አይመስሉም። እኔ ግን አንድ ፎቶ ፈለግሁ። አንድ ብቻ። ከኋላቸው ግድብና ውሃ ያለበት፣ ልጅ ሆኜ ልስለው ያቃተኝን የሚያሳይ ፎቶ።

እዚህ አገር ሰው ቅዳሜ ሲሆን ቴርሞሱን ሞልቶ፣ ዳቦና አይብ ጠቅልሎ፣ ውሎ ለመግባት ወጣ ይላል፤ ዳኽየ አውት ይሉታል። ግድብ ለማየት የሚወጡም ሞልተዋል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ሊያ ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ ብራወርስዳም የሚባል፣ ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ የሆነ ግድብ አገኘች። አባባ ግድብ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከሶፋው ተነሱ። በሦስት ወር ውስጥ እንደዚያ ፈጥነው ሲነሱ አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው የዘበኛው ዳቦስ የሚል ነበር። ለካ ፊንጫ ሳሉ ግድቡን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ለዘበኛ የሚቀመስ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቦታው ገለል ያለ ነው፣ ሱቅ የለ፣ ዘመድ የለ። ስለዚህ ባዶ እጅ ወደ ግድብ መሄድ ነውር ነው። ምን አማራጭ አለኝ? የመኪና ጎማ የሚያህል ድፎ ዳቦ ጋግሬ በነጠላ ጠቅልዬ ኋላ ወንበር ላይ፣ ሊያ አጠገብ አስቀመጥኩት። ለዳቦው ቀበቶ ማሰር ብቻ ነው የቀረን።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሜዳ፣ ላም፣ ሜዳ፣ ላም። ስልኩ ደርሳችኋል ሲለኝ ዙሪያዬን አየሁ፤ አሸዋ አለ፣ ሣር አለ፣ መንገድ አለ፣ ግድብ የለም። እኔ የምጠብቀው ምን መሰላችሁ? ሰማይ የሚነካ ግንብ፣ ከላይ እየተንዷለለ የሚወርድ ውሃ፣ ጢሱ ከሩቅ የሚታይ። አልፌ ሄድኩ። ከአደባባዩ ዞሬ ተመለስኩ። ስልኩ አሁንም ደርሳችኋል ይላል። ከመኪናው ጋር ስሟገት፣ ሊያም ከኋላ ማማ፣ ኽዎን፣ በቃ ዝም ብለሽ ቁሚና ሰው ጠይቂ ስትለኝ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልዞር ስል አባባ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። በግራ በኩል ያለው ውሃ ዝም ያለ ነው፣ በቀኝ በኩል ያለው ይናወጣል አሉ። እንግዲህ ግድቡ ላይ እየነዳሽ ነው ግድብ የምትፈልጊው አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የዘበኛ ልጅ ሆኜ!

ወረድን። አባባ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ወገባቸው ቀጥ አለ። ከዚያ ግራና ቀኝ ማየት ጀመሩና ፊታቸው ተለዋወጠ። ኬላ የለም። አጥር የለም። ሰው ነፋስ የሚነዳው ሸራ ይዞ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሻ ይሯሯጣል፣ አንዱ ቤተሰብ ጥብስ እየጠበሰ ነው። አንዲት ሴት እንዲያውም የዋና ልብስ ለብሳ የግድቡ ድንጋይ ላይ ተጋድማለች። ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን አስገባው ብለው ጠየቁኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስል። ከሁሉ የከፋው ግን ሁሉም ፎቶ እያነሳ መሆኑ ነው። አባባ አንድ ሦስት ጊዜ እጃቸውን ከፍ አድርገው መለሱት።

ስልኬን አወጣሁ። አባባ፣ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ፣ አንድ ፎቶ ብቻ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ለምን? ግድብ ነው። አባባ፣ ሰው ሁሉ እያነሳ ነው እኮ! ሰው ሁሉ ያጥፋ፣ እኔ ግን ሥርዓቱን አውቃለሁ አሉ። ከዚያ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ነገር አጫወቱኝ። አንድ ቀን ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ከሩቅ መጥተው ግድቡ ላይ ፎቶ እንነሳ አሏቸው። ከለከሉ። ሙሽሪት አለቀሰች፤ ኩሏ ነጩን ቬሎ አበላሸው። ዘበኛ ቤት አስገብተው ሻይ አፍልተው አጠጧት፣ ፎቶውን ግን አልፈቀዱም። እሷም ስትሄድ አልተቀየመችም፤ የሠርጓን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። እስከ ዛሬ ታሳዝነኛለች አሉ። ያቺን ሙሽራ ከልክዬ ለገዛ ልጄ ብፈቅድ በዘመድ ሠራ አልባልም ወይ?

ማን ሊል ነው አባባ፣ እዚህ ማን ያውቀናል አልኳቸው። እኔ አውቀዋለሁ አሉ።

እዚህ ላይ ጨዋታው አለቀብኝ። ማክሰኞ ይሄዳሉ አልኳቸው፤ እስካሁን ያላልኩትን አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አባት ሳጥብ ኖርኩ፤ የስንቱን እግር አውቃለሁ፣ የእርስዎን ግን አላውቅም። ልጅ ሆኜ አላየሁዎት፣ አሁንም ሥራ ሥራ እያልኩ አላየሁዎት። እንግዲህ ሲሄዱ እኔ ምን ይዤ ልቀር ነው? አባባ ወደ ባሕሩ ዞሩ። ሊያ ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ይህም በቤታችን ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። በመጨረሻ አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ተረኛው ዘበኛ ከፈቀደ እሺ አሉ።

ተረኛ ዘበኛ ከየት ይምጣ! ሊያ እዚህ አገር ስላደገች እርስዎ የሚባል ነገር ምላሷ ላይ አይቆይም። አያቴ፣ አንተ ደግሞ፣ እዚህ ዘበኛ የለም፣ ሁሉም በኮምፒውተር ነው አለቻቸው። ኮምፒውተር ዳቦ ይበላል ወይ ብለው ጠየቋት። ተነሱ። ድፎውን እኔ ተሸክሜ፣ እሳቸው ከፊት፣ ሊያ ከኋላ፣ ነፋሱ ነጠላዬን እየነጠቀኝ፣ ለዳቦ ባለቤት ፍለጋ ግድቡ ላይ ግማሽ ሰዓት ተጓዝን። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ታቦት የምንሸኝ ሳንመስለው አልቀረንም።

ውሃው የሚያልፍበት በር ጋ ስንደርስ አንድ ብርቱካናማ የሥራ ጃኬት የለበሰ፣ ጺሙ የሸበተ ሰውዬ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሃውን ትክ ብሎ ያያል። አባባ ይኸው አሉ። አባባ፣ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ዘንጉን አያዩትም አልኳቸው። ተረኛ ሲኮን ጊዜው አይገፋም፣ እኔም አጠምድ ነበር አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። ዳቦውን ስጪው፣ ከዚያ ፈቃድ ጠይቂልኝ አሉኝ።

እንግዲህ አስቡት። በሆላንድ አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለማያውቁት ዓሣ አጥማጅ አራት ኪሎ ዳቦ አስታቅፎ ፎቶ እንድንነሳ ይፍቀዱልን ማለት! ሰውዬው ዳቦውን አየ፣ እኔን አየ፣ እኔ ምን አገባኝ አለኝ። የዚህ አገር ሰው አይሸፋፍንም። አባባ ምን አለ ሲሉኝ፣ እያሰበበት ነው አልኳቸው። ከዚያ ሰውዬውን ዝቅ ባለ ድምፅ ለመንኩት። አባቴ ሃያ ሰባት ዓመት የግድብ ዘበኛ ነበር፣ ማክሰኞ ይሄዳል፣ ያለ ፈቃድ አልነሳም አለኝ አልኩት፤ በእነሱ ቋንቋ አባትንም አንቱ ሳይሉ ማውራት ይቻላል። ሰውዬው አባባን አያቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ብሎ ደገመው። ከዚያ ዘንጉን አስቀምጦ ተነሳ፤ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ኮስተር አለና አንድ ጣቱን ከፍ አደረገ። ለእሳቸው ይፈቀዳል፣ አንድ ፎቶ ብቻ አለ። ተረጎምኩላቸው። አባባ ወደ ሊያ ዞረው፣ አየሽ ሥርዓት ሲኖር አሉ። እግዜር ይስጠው ያንን ሰው! ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ለማንሳትም ስልኬን እሱ ራሱ ተቀበለኝ። በሩን ከኋላችን አደረግን፤ አባባ መሃል፣ እኔ በቀኝ፣ ሊያ በግራ። ባሕሩ ከኋላችን ይናወጣል፣ የአባባ ክንድ በክንዴ ውስጥ ነው። ሕይወቴን ሙሉ የጠበቅኩት ፎቶ ይኸው መጣ ብዬ ፈገግ አልኩ። ሰውዬው ኤን፣ ትዌ ብሎ ቆጠረ። ድሪ ሲል የአባባ ክንድ ከክንዴ ወጣ። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ መዳፋቸው ተዘርግቶ፣ እንደ ወታደር፣ በቀጥታ ስልኩ ላይ! ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ እጅ ማንንም አያስፈቅድም። ስልኩ ጠቅ አለ።

አባባ ራሳቸው ደንግጠው እጃቸውን እያዩ ቆሙ። ሊያ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ግድ የለም አባባ፣ እንደገና ያነሳናል አልኳቸው። እንዴት ሆኖ አሉኝ፤ የተፈቀደው አንድ ነው። ለምኜ ለምኜ አቃተኝ። ሰውዬውን ባየው እሱም ኮስተር ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ብያለሁ፣ አንድ ነው። ሥራውን ወደደው መሰለኝ። ከዚያ አራታችንም ዳቦውን ቆርሰን በላን። ሁለቱ ተረኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ በአማርኛ ሌላው በሆላንድኛ፣ ስለ ውሃው ረጅም ሰዓት ተጨዋወቱ። አስተርጓሚ የጠየቀኝ የለም።

ማክሰኞ አባባ ሄዱ። ፎቶውን አሳጥቤ፣ በትልቁ አሠርቼ፣ ከሶፋው በላይ ሰቀልኩት። ያለበት ሁሉ አንድ መዳፍ ነው፤ መስመሮቹ ሁሉ የሚቆጠሩ፣ መጠኑም ድፎውን የሚያህል። በጣቶቹ መሃል የነጠላዬ ጥለት፣ የሊያ ጥርስና ጥቂት ባሕር ይታያል። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየውና ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ይለኛል። እኔም እላለሁ፤ አባቴ ናቸው፣ ሥራ ላይ ሆነው።