ኮሌታውን ያቆመ ሰው

ፊልም ካለቀ በኋላ ገዳዩን መፈለግ የሚጀምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ በደርግ ጊዜ የደባርቅ ቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ የነበረው ጓድ ታፈረ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው ጥቁርና ነጭ ፊልም አየን። በአንዲት ትንሽ ከተማ የካፖርቱን ኮሌታ ያቆመ ሰውዬ ነፍስ ያጠፋል። ቋንቋው ለማናችንም አልገባንም፤ ኮሌታው ግን ገባን።

መብራት ሲበራ ጓድ ታፈረ ዓይኑን የማታ ትምህርት አስተማሪዬ ላይ ተከለ። መምህሩ ከቆላው ከዛሪማ በቅርቡ የመጣ ነው፤ ኮሌታው ቆሟል።

«ተነሥ! ምን ደብቀህ ነው?»

«አንገቴን ነዋ፣ ጓድ። ብርዱ!»

«የፊልሙ ገዳይም እንዲሁ ነበር የሚለው!»

«ልጄ፣ ቋንቋውን ሰምተኸው ኖሯል?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ።

ሳቅን፤ ግን ቀበሌ የታሰረ ሰው መቼ እንደሚፈታ አይታወቅምና ሳቁ ቶሎ ከሰመ። እኔ በሠላሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርሁ ሴት፣ ነገር በሥርዓት ካልተጻፈ አይዋጥልኝም። ደብተሬን አወጣሁ።

«ጓድ፣ ኮሌታ ያቆመውን ሁሉ ልመዝግብ?»

«መዝግቢ!»

«ከፊት ልጀምር?»

ከፊት የተቀመጡት የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ኮሌታቸው ጆሯቸውን ሸፍኗል። ቀስ ብለው አጠፉት። የጓድ ታፈረም እጅ ወደ ገዛ አንገቱ ሄደ።

«መምህሩ ንጹሕ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ያን ሳምንት ደባርቅ ኮሌታዋን አጥፋ ስታስነጥስ ሰነበተች። ጉንፋን ያልያዘው ንጽሕናው የተመሰከረለት መምህሬ ብቻ ነበር።