በጾም መያዣ የወጣ አልበም

«አልበሜ ሊወጣ ነው» የሚል ሰው የሌለበት ግቢ የለም። አለ ካላችሁኝ፣ ተከራዮቹ ገና አልተዋወቁም ማለት ነው። ይህ ሰው ሥራውን ይለቃል፣ ይመነምናል፣ መቼ እንደሚወጣ ሲጠየቅም «ሚክሲንግ ላይ ነው» ይላል። ሚክሲንግ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ከዚያ የተመለሰ አልበምም አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ በተከራየሁበት የሰሜን ክፍለ ከተማ ግቢ ይህን ማዕረግ የያዘችው ክብርት አርቲስት ወይኒ ናት፤ የአከራዬ የወይዘሮ ለተመድህን ልጅ። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት፣ ሙያዋ ኤሌክትሮኒክ ፖፕ ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። ባንድ የላትም፤ ባንዱ እኛ ነን። የግቢው የብረት በር ሲንቋቋ ከበሮ ነው፣ የጎረቤታችን የሓፍቶም ባጃጅ ጠዋት አልነሳም ሲል ቤዝ ነው። እኔን ጉንፋን የያዘኝ ሰሞን ስልኳን አፌ ላይ ደግና «መምህር፣ በፈጠረዎት፣ አንዴ ደግመው ይሳሉልኝ!» አለችኝ። ሳልኩላት። «እሱ አይደለም፤ የቅድሙ ከልብዎ ነበር» ብላ ገሠጸችኝ። ስንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ ፈታኝ አልገጠመኝም።

አስተያየት የሚባል ነገር አትጠይቅም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ትሰካና ፊቴን ትመለከታለች። «በቃ፣ አይንገሩኝ፤ ወደውታል» ትለኛለች። አልወደድኩትም ለማለት ጊዜ ሰጥታኝ አታውቅም።

ወይዘሮ ለተመድህን ግን አንድም ቀን ለመስማት እሺ አላሉም። ልጃቸው የኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ሥራዋን ስትለቅ ያዘኑት ሐዘን ገና አልወጣላቸውም።

የቅበላ እሑድ፣ ሁላችንም እሳቸው ቤት ሥጋ ከብበን ሳለን፣ ክብርትነቷ ብድግ አለችና «ነገ አልበሜ ይለቀቃል!» ብላ አወጀች። የሁላችንም እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ነገ?» አሉ ወይዘሮ ለተመድህን። «ነገኮ ጾም መያዣ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ!»

ለካ ቀኑን ከወራት በፊት በስልኳ ስትመርጥ፣ ስልኩ የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው የነገራት። በእኛ ግቢ ደግሞ ሑዳዴ ሲገባ ከሥጋውና ከቅቤው ጋር ዘፈንም ይጾማል። የሓፍቶም ባጃጅ እንኳ ከመዝሙር በቀር አይከፈትበትም። ልታስመርቅበት ያሰበችው ሓወልቲ ሰፈር ያለ ካፌም «ከፋሲካ በኋላ ነይ» አላት።

እናትየው ፍርዳቸውን አሳጠሩት። «እስከ ፋሲካ ሰው ከሰማልሽ ዝፈኚ። ካልሰማልሽ ወደ ስፌትሽ ትመለሻለሽ።»

«ይሰሙታል፣ ኣደይ» አለች ወይኒ። ድምጿ ቅንጣት ታህል አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ።

አልበሙ እንደተባለው ሰኞ በኢንተርኔት ተለቀቀ። ጾሙን ሙሉ ግቢው ጸጥ አለ። ስለ አልበሙ ትንፍሽ የሚል ጠፋ። ሁሉም በጊዜ ወደየክፍሉ እየገባ በሩን መዝጋት አበዛ። ወይኒ ስልኳን እያየች «እየተደመጠ ነው» ትላለች፤ «በማን?» ስንላት «ቁጥሩን እንጂ ስሙን አያሳየኝም» ትለናለች።

በፋሲካ ዕለት፣ ዶሮው ተበልቶ ሲያበቃ፣ ወይዘሮ ለተመድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሉ ደቀይ፣ ልጆቼ፣ የዚህችን ልጅ ዘፈን የሰማ አለ?»

ማን ይናገራል? ሰማሁ ማለት በጾም ዘፈን ሰማሁ ማለት ነው። ሓፍቶም የያዘውን አጥንት መመርመር ጀመረ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ወይኒ ፊቷ ሲገረጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አንጀቴን በላችው።

እጅ መስጠት ግን አታውቅም። ድምፅ ማጉያውን አመጣችና፣ ከመለቀቁ በፊት ለአንዳችንም አሰምታን የማታውቀውን የመጨረሻውን ዘፈን ከፈተችው። ሙዚቃው ሄዶ ሄዶ፣ አዝማቹ ሊገባ ሲል ድንገት ዝም ይላል። ዝም ባለበት ቦታ ላይ ከመሀላችን አንድ ቀጭን ድምፅ ቃሉን ሳይስት ቀድሞ ገባ።

ወይዘሮ ለተመድህን ነበሩ።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ምን ያደርጋል፣ አንዴ አምልጧቸዋል። ሓፍቶም ሳቁን መያዝ አቅቶት ተከተላቸው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ አዝማቹን ተቀበለ። ወይኒ መሀል ቆማ፣ እናቷን እያየች ታለቅሳለች። የስፌቱ ወሬ በዚያው ቀረ። እኔማ ምን ልደብቅ፣ ይህችን ልጅ እወዳታለሁ፤ ሁለተኛውን ስንኝ አንድ ቃል ሳልስት ከሁሉም በላይ ጮኼ የዘፈንኩት እኔ ነኝ።