የእትዬ በዛወርቅ ፍሬን

መጻፍ የኔ ሥራ ስላልሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጎሚስታ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም መምህሩ በታመመ ቁጥር ደስ እያለኝ ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው ጎማ መንቀል እንጂ እስክሪብቶ መያዝ አይደለም። ቦንጋ ውስጥ የተማረ ሰው ሞልቷል፤ ይሄን ነገር ግን እስካሁን የጻፈ አላየሁም። መኪናው ውስጥ ደግሞ የነበርኩት እኔ ነኝ። አራት ነጥብ ያለቦታው ገብቶ ብታገኙ ዝም ብላችሁ እለፉት።

በኛ አገር አንድም መኪና በአንድ ሾፌር ብቻ ተነድቶ አያውቅም። አንደኛው መሪ ይይዛል፣ ሌላው ጋቢና ይቀመጣል። የጋቢናው ሾፌር መንጃ ፈቃድ የለውም፣ መሪ የለውም፣ ፔዳል የለውም። ያለው እግር ብቻ ነው። መኪናው ቁልቁለት ሲጀምር ያንን እግሩን ይዘረጋና ወለሉን ይረግጣል። ፍሬን መያዙ ነው። እናንተም አንድ እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ፤ ምናልባት እናታችሁ ናት፣ ምናልባት የመሥሪያ ቤት ኃላፊያችሁ ነው። ምናልባትም እናንተው ናችሁ፣ እሱን እግራችሁ ያውቃል።

እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጡትን አውቃለሁ። የጋቢና የበላይ ጠባቂ፣ የቁልቁለት ሁሉ ተቆጣጣሪ፣ ክብርት እትዬ በዛወርቅ። የጋሽ ግዛቸው ባለቤት ናቸው። ጋሽ ግዛቸው ጎረቤቴ ናቸው፤ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ የገዙትን አሮጌ ላንድክሩዘር ይዘው ወደ ዋጫም ወደ ደካም ሰውና ዕቃ ያመላልሳሉ። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። የጎደለውን ንግግር እትዬ በዛወርቅ ይሞሉላቸዋል።

እትዬ በዛወርቅ ጋቢና ሲገቡ መጀመሪያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ፣ ሥራ እንደሚጀምር ሰው። ከዚያ ያማትባሉ። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን ቦታ ያሲዛሉ። እሳቸው ፊት ያለው ምንጣፍ ከመረገጥ ብዛት ተበስቶ፣ እኔው ነኝ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ የለጠፍኩበት። የሾፌሩ ምንጣፍ ግን እስካሁን አዲስ ነው። በዚያ መኪና ከሁለቱ ማን ብዙ ፍሬን እንደያዘ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ምንጣፎቹን ይይ።

ንግግራቸውም የታወቀ ነው። «ያቺን ላም አየሃት?» ይላሉ። ላሟ ገና ከሜዳው ወዲያ ማዶ ሣር ትግጣለች። ጋሽ ግዛቸው «አይቻታለሁ» ይላሉ። እትዬ በዛወርቅ ደግሞ «አፏ እዚያ ነው እንጂ ልቧ መንገዱ ላይ ነው» ይላሉ። ባጃጅ ቦንጋ የገባ ሰሞን ባሰባቸው። ላም እንኳ ከመታጠፏ በፊት አንገቷን ታዞራለች፣ ባጃጅ ግን ምኑም አይታወቅም ብለው ሲያማርሩ ነበር የከረሙት። በጫካው ስናልፍ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ከዘለለም ፍሬን ይይዛሉ። ጉሬዛው ያለው እላያችን ላይ እኮ ነው።

ጉዞው ሲያልቅ ግምገማ አለ። ያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ነበር፤ ሰው ጠዋት ደህና ገብቶ ማታ ዓይኑ ቀልቶ የሚወጣበት። የእትዬ በዛወርቅ ግምገማ የሚካሄደው ግን በር ላይ ነው፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ። ኩርባው ላይ ለምን ፈጠንክ፣ ድልድዩ ጋ ለምን አላማተብክም፣ በበቅሎ ለሚሄዱት ሰውዬ ለምን ቁመህ ሰላም አላልክም። ጋሽ ግዛቸው መሬት መሬት እያዩ ይሰሙና ግለ ሂሳቸውን ያቀርባሉ። ግለ ሂሳቸው «እሺ» ነው። እኔ ዕቃ ሳግዝ ከኋላ እየተቀመጥኩ ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ፤ ምናለ ለአንድ ቀን እንኳ ዝም ቢሉ ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በልቤ።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በሚሊኒየሙ ዓመት ነው። እትዬ በዛወርቅ የተወለዱት ከደካ አለፍ ብሎ፣ ክፉ ቁልቁለት ተወርዶ የሚደረስበት ቀበሌ ነው። የዚያ ሴቶች እህል ለማስፈጨት ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው ደካ ይሄዱ ነበር። ማኅበር አቋቋሙና ወፍጮ ገዙ። ወፍጮው ቦንጋ ደረሰና ቆመ። ከባድ ስለሆነ ላንድክሩዘር ላይ አይጫንም፤ በጭነት መኪና እንዳይወሰድ ደግሞ መንገድ ላይ ያለው የእንጨት ድልድይ አይችለውም። ጋሽ ግዛቸው እኔ አደርሰዋለሁ አሉ። ከመኪናው ጋር አብሮ የተሸጠላቸው ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ጓሮ ቆሞ ዶሮ ያድርበት ነበር።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው፣ የኤሌክትሪክ። መኪናው ውስጥ አንዲት ሳጥን ካልተገጠመችለት ግን አይሠራም። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሳጥኗ ለተሳቢው ትነግረዋለች፣ እሱም ይይዛል። ካልነገረችው ግን ቁልቁለት ላይ ያ ሁሉ ብረት መኪናውን ከኋላ እየገፋ ይወስደዋል። ሳጥኗ ከነካርቶኗ አልጋ ሥር ተቀምጣ ኖራለች። ለእሷ ሲሉ ነው የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ለገሰን የጠሩት።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ግዛቸው በሕይወታቸው ረጅም ሊባል የሚችል ነገር ተናገሩ። በዚህ ጉዞ አንቺ ትቀሪያለሽ፣ ጭነቱ ከባድ ነው፣ እግርሽ ወለሉን በመታ ቁጥር እደነግጣለሁ አሉ። እትዬ በዛወርቅ ምንም አልመለሱም። ዝም ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ የተመኘሁት ነገር ሲሆን ደግሞ አላማረኝም። ከተጋቡ ጀምሮ ጋሽ ግዛቸው ያንን ቁልቁለት ያለ እሳቸው ወርደውት አያውቁም። ያለ እሳቸው ከወረዱ እንደማይመለሱ እትዬ በዛወርቅ ልባቸው ነግሯቸዋል። ለእኔ ሹክ ያሉኝም ይሄንኑ ነው። ወፍጮው ቢቀርም ይቅር፣ የአገሬ ሴቶችም ይቅር ይበሉኝ አሉኝ።

ለገሰ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው ሽቦ ሳበ፣ በፊውዝ አድርጎ ወደ ውስጥ አስገባ። ሌላውን ከፔዳሉ በላይ ካለው ከፍሬን መብራቱ ማብሪያ ጋር አገናኘ። አንዱን መኪናው ሥር ለሥር እስከ ኋላ ወሰደ። እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸውን አስረው አጠገቡ ቆመዋል። ይሄ ሰማያዊው የት ነው የሚሄደው አሉት፤ ለተሳቢው ፍሬን ነው አላቸው። ቢበጠስስ አሉ፤ አይበጠስም አለ። ቢበጠስስ አሉ እንደገና። ለገሰ ተነፈሰና ተመልሶ መኪናው ሥር ገብቶ ሽቦውን በየቦታው ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ሲወጣ ፊቱ ላይ ያለው ጭቃ ብቻ አልነበረም።

ቀጥሎ ሳጥኗን የት እናድርጋት መጣ። ለገሰ ከመሪው በስተቀኝ ገጠማትና ጋሽ ግዛቸው ሲገቡ ጉልበታቸው መታት። ከፍ አደረጋት፣ መታት። ዝቅ አደረጋት፣ መታት። እኚህ ሰውዬ መኪናውን የገዙት ጉልበታቸውን ሳይለኩ ነው። በመጨረሻ ወደ መሐል፣ ሬዲዮው ሥር ወሰዳትና ብሎኗን አጠበቀ። ከዚያ ያስረዳን ጀመር። ሳጥኗ ላይ በጣት የምትገፋ እጀታ አለች። እሷ ስትገፋ ፔዳል ሳይነካ የተሳቢው ፍሬን ብቻውን ይይዛል፤ ተሳቢው መንገድ ስቶ ወደ ጎን መሄድ ከጀመረ ጎትቶ ቀጥ የሚያደርገው ይሄ ነው አለ።

እትዬ በዛወርቅ ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። እጃቸውን ዘረጉ። ደረሰ።

ጋሽ ግዛቸው፣ «ለገሰ፣ አንሳት» አሉ።

«ጋሼ፣ ቀዳዳውን በስቼዋለሁ። ሌላው ቦታ በሙሉ የእርስዎ ጉልበት ነው።»

ጋሽ ግዛቸው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «በዙ፣ እዚያ ወለል ላይ እኮ ምንም የለም። ይሄን ሁሉ ዘመን ባዶ ነው የምትረግጪው።»

እትዬ በዛወርቅ ዓይናቸውን ከሳጥኗ ሳያነሱ፣ «ባዶ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?» አሉ። «አንተ እጅህም እግርህም ሥራ ይዟል። እኔስ ምን ልያዝ? እጄን አጣጥፌ ስትወርድ ልይህ?»

ለገሰ ካቻቢቴውን መጥረግ ጀመረ፣ ንጹሕ ነው። እኔም ጎማው ላይ ጎንበስ አልኩ፣ ደህና ነው። ጋሽ ግዛቸው በመጨረሻ፣ እሺ ትሄጃለሽ፣ ግን እኔ ካላልኩሽ እጅሽ እንዳይነካት፣ እግርሽም ይረፍ አሉ። እትዬ በዛወርቅ ቃል ገቡ።

ወፍጮውን ጫንን። ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ብለን ተሳቢው ደህና መያዙን አየን፤ ያዘ። እኔ ከትርፍ ጎማው ጋር ከኋላ ገባሁና ጉዞ ጀመርን።

እትዬ በዛወርቅ ቃላቸውን ጠበቁ። አንዷን እጃቸውን በሌላዋ ጨብጠው፣ እግራቸውን ወንበሩ ሥር አጥፈው እንደ ታሰረ ሰው ተቀመጡ። ላም መጣች፣ ዝም። በሬ መጣ፣ ዝም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለ ጸጥታ መኪናውም አልለመደውም። ትንሽ እንደሄድን ጋሽ ግዛቸው ማንም ሳይጠይቃቸው «አይቻታለሁ» አሉ። ቀጥሎ ደግሞ ፍየል ላይ «እሷንም አይቻታለሁ» አሉ። ደካ እስክንደርስ ድረስ በመንገድ ያለውን እንስሳ በሙሉ እንዳዩ ሲናገሩ ሄዱ። እንደዚያን ቀን አውርተው አያውቁም።

ከደካ አልፈን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ዝናብ ዘንቦበት ቀይ ጭቃ ሆኗል። በአንድ ወገን ግድግዳ የሚያህል መሬት ነው፣ በሌላው ወገን ምንም የለም፣ ገደል ነው። ጋሽ ግዛቸው በከባድ ማርሽ ቀስ እያሉ ጀመሩት። ግማሹን ጥሩ ወረድን። ከዚያ የተሳቢው ጎማ ውኃ ከቦረቦረው ቦይ ወጣና ጭራውን ወደ ገደሉ ወገን ጣለ። መኪናው ከኋላ ሲጎተት ወገቤ ላይ ተሰማኝ። ጋሽ ግዛቸው በሁለት እጃቸው መሪውን ይታገላሉ፤ አንዱን ቢለቁ መሪው ያመልጣል፣ ፔዳሉን ቢረግጡ የፊት ጎማው ጭቃው ላይ ይንሸራተታል። አልጮሁም። ሰው ማዕድ ላይ ጨው አቀብይኝ በሚልበት ድምፅ ነው የተናገሩት።

«በዙ፣ ያዢልኝ።»

እትዬ በዛወርቅ እጃቸውን ዘረጉና እጀታዋን ገፉ። እኔ ባለ በሌለ ኃይላቸው ይጫኗታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ አድርገው፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ በር እንደሚዘጋ ሰው ነው የገፏት። ተሳቢው ከኋላ ጎተት አደረገን፣ ነቅነቅ አለ፣ ጭራውን ሰበሰበና ቀጥ ብሎ ተከተለን። ከዚያ እስከ ታች ጋሽ ግዛቸው «ያዢ» ሲሉ ይይዛሉ፣ «ልቀቂ» ሲሉ ይለቃሉ። ሌላ ቃል አልነበረም።

ታች ሴቶቹ እየሮጡ መጥተው ወፍጮውን ከበቡት። የመኪናው ሞተር ጠፍቷል። እትዬ በዛወርቅ ግን ከጋቢና አልወረዱም። ጋሽ ግዛቸው ዞረው መጥተው በሩን ከፈቱላቸው፤ ይሄንን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

«በቃ፣ ልቀቂያት። ቆመናል» አሏቸው።

«ቆመናል?» አሉ እትዬ በዛወርቅ። ጣታቸው አሁንም እጀታዋ ላይ ነበር። ጋሽ ግዛቸው ራሳቸው አላቀቋቸው፣ እጃቸውን ግን ቶሎ አለቀቁትም። እኔ ወደ ጎማዎቼ ሄድኩ።

ያን ቀን ግምገማ አልተካሄደም። ሌሊቱን እዚያው የእትዬ በዛወርቅ እህት ቤት አደርን፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ።

በማግሥቱ ጠዋት ተሳቢው ባዶ ነው፣ ያስፈራ የነበረው ነገር አልፏል። ጋሽ ግዛቸው ሞተር አስነሥተው ጠበቁ። እትዬ በዛወርቅ ጋቢና አልገቡም። ጫማቸውን አውልቀው በአንድ እጃቸው ያዙና ዳገቱን ከፊት ከፊት መውጣት ጀመሩ። ሌሊት ጎርፍ ያመጣውን ድንጋይ እየለቀሙ ከመንገዱ ያስወግዳሉ፣ ቦዩ የከፋበት ቦታ ላይ ይቆሙና በእጃቸው ወደ ግራ በል፣ ወደ ቀኝ በል ይላሉ። ጋሽ ግዛቸው ክላክስ አላደረጉም፣ «ግቢ እንጂ»ም አላሉም። በአንደኛ ማርሽ፣ በእሳቸው እርምጃ ከኋላ ከኋላ ተከተሉ። እኔ ጥቂት ከመኪናው ሆኜ አየሁና አላስቻለኝም። ወርጄ ሱሪዬን ሰብስቤ በሌላው ጠርዝ በኩል ድንጋይ መልቀም ጀመርኩ። እትዬ በዛወርቅ ዞር ብለው አዩኝ።

«ትልልቁን ለኔ ተወው» አሉኝ።