የሞት ቅጣት ባላንጣ በአይቮሪ ፓርክ

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ደላላ፣ አንዱ አስፈራሚ ነው። ነጋዴውና ደላላው ሲመሽ ደክሟቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። አስፈራሚው አይደክመውም። ፊትህን ብታዞርበት በሌላኛው በኩል ዞሮ ይጠብቅሃል፤ ለቅሶ ቤት ብትሸሽ ደጃፉ ላይ ቀድሞህ ቆሟል። የሚያስፈርምበት ጉዳይ ይለያያል። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚያስፈርም አለ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ይውረድ ብሎ የሚያስፈርም አለ፣ ሊቀ መንበሩ ከወረደ በኋላ ደግሞ ይመለስልን ብሎ የሚያስፈርመው ያው ሰውዬ ነው።

ጆሃንስበርግ በዚህ በኩል ከሌላው ከተማ የተለየ እድል ገጥሟታል። ክብርት ወይዘሮ አለምወርቅ፣ የበርበሬና የሽሮ አከፋፋይ፣ የሰላምታ ሊቅ፣ የሞት ቅጣት ባላንጣ፣ የሚኖሩት እዚህ ነው። ሌላዋ ሴት በእሳቸው ዕድሜ ዘንቢል ተሸክማ መዞሩን ትታ ታርፋለች። እሳቸው በአንድ ትከሻቸው በርበሬ፣ በሌላው የፊርማ ወረቀት ይዘው ከሜይፌር እስከ ኮዝሞ ሲቲ ይዞራሉ፤ የሀገራችን ሕግ የሞት ቅጣትን እንዲሰርዝ። «ጉዳዩ በመንግሥት ደረጃ ነው» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መንግሥት ራሱ ጠርቶ ያማከራቸው ይመስል።

አይቮሪ ፓርክ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ያለው ለገሠ ከእኚህ ሴት ለማምለጥ ያልሞከረው ዘዴ የለም። ታሟል አስብሏል። ሸቀጥ ሊያመጣ ከተማ ወርዷል አስብሏል። አንድ ቀን ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ተደበቀ፤ ወይዘሮ አለምወርቅ ከብረት ፍርግርጉ ውጭ ቆመው ከደንበኞቹ ጋር ሲጨዋወቱ ቆዩ፣ ቆዩ፣ በመጨረሻ እግሩ ደንዝዞበት እያነከሰ ራሱ ወጣ። «ውይ፣ ለገሤ፣ እግርህን አመመህ እንዴ?» አሉት፣ ከየት እንደወጣ አይተው እንዳላዩ ሆነው።

ችግሩ በርበሬያቸው ነው። በርበሬው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ግን በመላው ጆሃንስበርግ እንደሳቸው በርበሬ የሚያዘጋጅ የለም፤ እና ያንን የቀመሰ ሰው በሩን ሊዘጋባቸው አይችልም።

ሁለተኛው ችግር ሰላምታቸው ነው። ለሌላ ሰው ሰላምታ መግቢያ ነው፤ ለእሳቸው ራሱ መኖሪያ ቤት ነው። ቀኝ እጅህን በሁለት እጃቸው ይይዙና ይጀምራሉ። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? በጣም ደህና ነህ? እናት ደህና ናቸው? ያ እግራቸውስ ተሻለው? ታናሽህስ?» ሁሉንም በአንድ «እግዚአብሔር ይመስገን» ልገላግል ብትል አይቀበሉም፤ እግሩ ለብቻው፣ ታናሽህ ለብቻው መመለስ አለበት። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈውንም አይዘሉም። «ሳኒቦናኒ» ብለው ይገቡበትና ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ አንድ በአንድ ይጨብጣሉ። የዙሉ ቋንቋቸው ሰላምታ፣ ቁጥርና «ርካሽ ነው» የሚለውን አያልፍም፤ ግን ሰላምታው ራሱ ብዙ ስለሆነ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩ ይመስላሉ። እጅህን ሲለቁልህ የሆነ ነገር ሰጥተውህ የሄዱ ይመስልሃል። ያኔ እስክሪብቶው ይመጣል።

አመሉ የጀመራቸው በዝናብ ምክንያት ነው። ከተማው ውስጥ ኮረብታ ላይ፣ በድሮው እስር ቤት ጡብ የተሠራ ፍርድ ቤት አለ፤ ቱሪስት ይበዛበታል ሲባል ነጠላ ሊሸጡ ሄዱ። ዝናቡ ወረደ። ውስጥ ገብተው ተጠለሉ። አስጎብኚዋ ለፈረንጆቹ፣ ይህ ፍርድ ቤት ገና እንደተቋቋመ የሞት ቅጣትን ከሀገሪቱ ሕግ አውጥቶ እንደጣለ ስታስረዳ ሰሙ። «አስበው እስቲ» ይላሉ እስከ ዛሬ፣ «ከተማው ሙሉ ጥይት እየተተኮሰ፣ እነዚያ ዳኞች ቁጭ ብለው አንገድልም አሉ።» ነጠላው ሳይሸጥ ተመለሰ። እሳቸው ግን እንደሄዱ አልተመለሱም።

የባለሱቆች ማኅበር ሊቀ መንበር አምሃ፣ ኮዝሞ ሲቲ ሁለት ሱቅ ያለው፣ ቀልደኛ ሰው ነው። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንደ ልማዳቸው «በሞቴ አምሃዬ፣ ፈርምልኝ» ሲሉት ያዛቸው። «እትዬ፣ የሞት ቅጣት ይቅር እያሉ በሞቴ ይላሉ? እኔ ካልፈረምኩ እርስዎ ሊገደሉ ነው?» ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ አለምወርቅ ግን ነገሩን በቁም ነገር ወስደው ቃሉን ሊተዉ ሞከሩ። «በሕይወቴ ፈርም» ማለት ጀመሩ፤ የሚነቃነቅ ጠፋ። አንድ ድግስ ላይ «በሕይወቴ ጉረስ» ያሉት ሰው ወጡ ነገር አለበት እንዴ ብሎ አፉን ዘጋ። ወዲያው ወደ ቀድሞው ተመለሱ። «በሞቴ የሚለው በመንግሥት ደረጃ አይደለም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ስቅለት ዕለት ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰገደ ላቡን ሲያፈስ፣ እሳቸው በየስግደቱ መሃል አጠገባቸው ላሉት ያንሾካሹካሉ። «አያችሁ? ይሄ ሁሉ የመጣው የሞት ቅጣት በመኖሩ ነው።» ቄሱ ሰምተው ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ያ ባይሆን ኖሮ እኛ ምን ይውጠን ነበር?» ወይዘሮ አለምወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ አባ፣ የእሱን እንተወውና ከዚያ ወዲህ ያለው ይሰረዝ።»

ትልቁ ቀናቸው የሜይፌሩ ነው። መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው «ወረቀቱ ላይ ፈርሙልኝ» ሲሉ አንድ አላፊ ሰማ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ወረቀት ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ሰው ሌላ ወረቀት መኖሩን ከረሳ ቆይቷል። «ወረቀት እየሰጡ ነው» የሚለው ወሬ ሱቅ ለሱቅ በረረ፣ ሰልፉ ማዕዘኑን ዞረ። ፎቶ ይዞ የመጣ ነበር። ወይዘሮ አለምወርቅ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሞት ቅጣትን እንደሚጠላ ሲያዩ ዕንባቸው መጣ። እውነቱ የታወቀው ንግሥት የምትባል ፀጉር ሠሪ «መቼ ይደርስልናል?» ብላ ስትጠይቅ ነው። ሰልፉ ተበተነ። ግን አስቀድመው በእጅ ሰላም ያሏቸው ሰዎች ጥሎ መሄዱ አሳፍሯቸው፣ እያጉረመረሙ ፈርመው ሄዱ።

ለገሠ በዚህ ሁሉ ይስቃል። በአንድ ነገር ግን አይስቅም። ባለፈው ክረምት ሱቁ የገቡ ዘራፊዎች ወለሉ ላይ በደረቱ አስተኝተው ሽጉጥ አንገቱ ላይ አሳርፈውበታል። ከዚያ ወዲህ የበሩ ብረት ሲንኳኳ ከመክፈቱ በፊት የመጣውን ሰው እጅ ያያል። «እትዬ» አላቸው አንድ ቀን፣ «የሞት ቅጣት ይቅር የሚለው ወለሉን ያልሳመ ሰው ነው። እኔ ስሜው ተነስቻለሁ።» አምሃ የሞት ቅጣት ወደዚህ ሀገር ይመለስ የሚለውን ፊርማ ሲያዞር ለገሠ ሳይለመን እንደፈረመም በኩራት ነገራቸው። ተከራክረው የማያልቅባቸው ሴትዮ በዚህ ላይ አልተከራከሩትም። ዘንቢላቸውን ከፈቱና «እሺ፣ ሽሮውስ ስንት ኪሎ ይሁንልህ?» አሉት።

የወር መጨረሻ ቅዳሜ ነበር። የዳቦ መኪናው መጥቶ ለገሠ የብረት በሩን ሲከፍት አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ገባና ስልኩን ከባንኮኒው ላይ መንጭቆ ሮጠ። ሩቅ አልሄደም፤ ሰፈሩ ያዘው። እየጎተቱ ሱቁ ደጃፍ አምጥተው መሬት ላይ ጣሉት። አፉ ተፈንክቷል። ደቡብ አፍሪካ የሞት ቅጣትን ከሰረዘች ቆይታለች፤ በመንግሥት ደረጃ። በመንገድ ደረጃ ግን ወሬው ገና አልደረሰም።

«ማይ ፍሬንድ» አለ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ ግማሽ ጡብ የያዘ ግዙፍ ሰው። በዚያ ሰፈር ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው። «ንጉዬ ሎ?» እሱ ነው ወይ ማለቱ ነው።

«ዬቦ» አለ ለገሠ። «እሱ ነው።»

እውነቱን ነው፣ እሱ ነበር። ግን ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ከሕዝቡ ኋላ አንዱ፣ ሌባ አንገት ላይ አጥልቀው የሚያቃጥሉትን የመኪና ጎማ እያንከባለለ ሲመጣ አየ፤ የሰጠው ምስክርነት ሳይሆን ፍርድ እንደሆነ ገባው። ገብቶትም አልተናገረም። ደስ ብሎት ነበር። ያ ቀዝቃዛ ብረት አንገቱ ላይ ካረፈ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ወይዘሮ አለምወርቅ ውስጥ በርበሬ እየመዘኑ ነበሩ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወጡ። ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም ባንኮኒው ላይ ትተዋቸዋል።

«ሳውቦና ባባ» አሉት ግዙፉን ሰው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ዝቅ ብለው። ሰውየው ደነገጠ። እናቱን የምታህል ሴት ሰላም ስትለው እንዴት ዝም ይበል? ጡቡን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀኙን ሰጣቸው። እሳቸው ግራውንም ፈለጉት። ጡቡ ወደቀ። «ኡንጃኒ?» አሉት። «ንጊኮና ማማ፣ ደህና ነኝ» አለ። ዙሉው አለቀባቸውና በአማርኛ ቀጠሉ። «እናት ደህና ናቸው? ልጆችስ? ሥራስ እንዴት ነው?» ሰውየው ምንም ሳይገባው «ዬቦ ማማ» ይላል፤ እጁ ላይ የቀረው በርበሬ አስነጠሰው፤ «ይማርህ» አሉትና ወደሚቀጥለው አለፉ።

የሚቀጥለው ድንጋይ ይዟል፤ ጣለው። ከእሱ ቀጥላ ያለችው ዱላ ይዛለች፤ ብብቷ ስር ሸጎጠችው። ጎማውን የያዘው በሁለት እጁ ነው የያዘው። ወይዘሮ አለምወርቅ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። አልቸኮሉም። ሰውየው ግራ ቀኝ አየ፣ ጎማውን መሬት ላይ አጋደመና ጨበጣቸው።

መሬት የወደቀው ሰውዬ ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። «ሳውቦና።»

«ዬቦ ማማ» አለ፣ በተፈነከተ አፉ።

ግዙፉ ሰው ወደ ለገሠ ዞረ። «እህ፣ ማይ ፍሬንድ? ምን ይሁን?»

ሁሉም አዩት። ወይዘሮ አለምወርቅም ከጎነበሱበት አዩት። ለገሠ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሴትዮዋ ቀና አሉና ስለ ኮረብታው ፍርድ ቤት ንግግር ጀመሩ፤ ግማሹ አማርኛ፣ ሩቡ እንግሊዝኛ፣ የቀረው በእጅ። ስለ ጡቡ አስረዱ። ስለ ዝናቡ አስረዱ። እኛ ለዓመታት የምናውቀውን መሰልቸት አይቮሪ ፓርክ ያን ቀን ቀመሰው። አንዱ ሰዓቱን አየ። አንዷ ልብስ አስጥቼ ነው የመጣሁት ብላ ሄደች። ፖሊስ ሲመጣ ደጃፉ ላይ የቀሩት ሌባው፣ ወይዘሮ አለምወርቅና ንግግሩ የት እንደሚደርስ ሊሰሙ የቆዩ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ።

ውስጥ ገብተው የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ለገሠ ውሃ ሰጣቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ቢይዙትም ውሃው ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። ፈርተው አይቷቸው አያውቅም።

«እትዬ፣ ይህን ያህል ከፈሩ ለምን ወጡ?»

«እነሱን መች ፈራሁ። እነሱ ሰላም ሲሏቸው ይመልሳሉ።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «የፈራሁት አንተን ነው።»

«እኔን?»

«ሁለተኛ ሲጠይቅህ ግደሉት ብትል ኖሮ፣ ነገ መጥቼ ምን ብዬ ሰላም እልህ ነበር? እንዴት ነህ ብዬ ልጠይቅህ?»

ለገሠ አልልም ነበር ሊላቸው ፈለገ። አልቻለም፤ ዝም ያለው ራርቶ ሳይሆን አፉ ደርቆ እንደነበር ያውቃል። ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ፣ ዕንባው እንዳይታይ። እኚህን አሰልቺ ሴት ከልቡ እንደሚወዳቸው የገባው ያኔ ነው፤ እሱ ራሱን ትቶት ሳለ እሳቸው ለነገ ሰላምታ አስቀምጠውለት ነበር።

በዚያው የወር መጨረሻ ቅዳሜ፣ ገበያው በሚደራበት ሰዓት፣ ሱቁን ዘጋና ዘንቢላቸውን ተሸክሞ ሸኛቸው። መንገዱ አጭር ነው፤ ከእሳቸው ጋር ግን አጭር መንገድ የለም። በየደጁ ቆሙ፣ በየደጁ ጨበጡ። ታክሲ ተራው ላይ ግዙፉ ሰው ሥራው ላይ ተመልሶ ተሳፋሪ ይጠራል። ወይዘሮ አለምወርቅ እናቱን፣ ልጆቹን፣ ማስነጠሱን ጠየቁ። ለገሠ ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጠና ተራውን ጠበቀ፤ ሲደርሰው እሱም እጁን ዘረጋ።