የግራጫው መስኮት ትጋት

የትጉሃንን ሥራ መዝግቦ ማቆየት የጸሐፊ ግዴታ ነውና፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በአንዷ ከተማ የሚገኝ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት የፈጸመውን ገድል ለትውልድ ላስተላልፍ ተነሣሁ። ከሦስቱ የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም፤ ክብሩ ለአንዷ ብቻ ቢሰጥ ሁለቱ ቅር ይላቸዋል።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሽመክት ሥራን በዓይናቸው የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ከመስታወት በራቸው ጀርባ ተቀምጠው የሁሉንም ሠራተኛ ኮምፒውተር መከታተል እንዲችሉ፣ ስክሪኖቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ ኃላፊው፣ ጀርባቸውን ወደ ባለጉዳይ እንዲያዞሩ በደብዳቤ አዝዘዋል። ስለ ኮምፒውተርም የጸና አቋም አላቸው። በወጣትነታቸው አጭር ሥልጠና ወስደው የምስክር ወረቀታቸውን በፍሬም ሰቅለዋል። ያን ጊዜ የተማሩበት ኮምፒውተር ግራጫ መስኮቶች፣ ቢጫ ፎልደሮችና የምትገለባበጥ የአሸዋ ሰዓት ነበሩት። ከዚያ ወዲህ ግራጫ የሆነውን ስክሪን ሁሉ ሥራ፣ ቀለም የበዛበትን ሁሉ ጨዋታ አድርገው ይወስዳሉ።

የመዝገብ ባለሙያው ዳኜ ከጓደኛው በፍላሽ የተቀበለው ጌም ደግሞ፣ ሠሪዎቹ የድሮውን ነገር ስለሚወዱ፣ ቁርጥ የዚያን ዘመን ኮምፒውተር ይመስላል። ተጫዋቹ ፎልደር ይከፍታል፤ ፎልደሩ ዋሻ ነው፤ በዋሻው ጭራቅ ይጠብቀዋል። ካሸነፈ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከሞተ ያጠራቀመው ሁሉ ይጠፋና ከመጀመሪያው ዋሻ ይጀምራል፤ ዋሻዎቹንም በቀድሞ ቦታቸው አያገኛቸውም።

አቶ ሽመክት በመስታወቱ ያዩት ትጋት ልባቸውን ነካው። ዳኜ ለሻይ አይወጣም። ባለጉዳይ ቢያናግረው ቀና አይልም። አንዳንዴም ሥራው ከብዶት ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል። በአንጻሩ ከጎኑ የምትቀመጠው ቲቲ በሥራ ሰዓት ከሰዎች ጋር ስታወራ በተደጋጋሚ ታይታለች። በአፈጻጸም ምዘናው ዳኜ ሞዴል ሠራተኛ ተብሎ ሲሸለም፣ ቲቲ ከባለጉዳይ ጋር የመነጋገር ዝንባሌ ስላሳየች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት።

ሞዴል በተገኘበት የልምድ ልውውጥ አይቀርም። ከሁለቱ እኅት ከተሞች የመጡ ልዑካን አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ከዳኜ ጀርባ ቆሙ። የቡድኑ መሪ አሠራሩን እንዲያብራራላቸው ጠየቁት። ዳኜ ውሸት አያውቅም።

«ፎልደር እከፍታለሁ» አለ። «ውስጡ ያለውን እጋፈጣለሁ። ካለፍኩት ወደሚቀጥለው ይመራኛል። ካላለፍኩት ሁሉም ተሰርዞ ከመጀመሪያ ይጀመራል።»

«የሚቀጥለው የት እንዳለ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም። በየጊዜው ቦታ ይቀያይራል።»

መሪው ወደ ባልደረቦቻቸው ዞሩ። «የእኛው አሠራር እኮ ነው» አሉ በአድናቆት። «እኛ እስካሁን በእጅ ስንሠራው ነው የኖርነው።»

ጌሙን ገልብጠው ይዘው ሄዱ።

ይህ ሁሉ ግስጋሴ ሲካሄድ ኦቦ ዲሪርሳ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ከስክሪኑ ማዶ ቆመው ነበር። አዲሱ መንገድ በከተማው ዳርቻ ያለውን ቤታቸውንና የጎመን ማሳቸውን ሊያቋርጥ ነው። ቀያሾቹ ችካል እየተከሉ መጥተዋል። ችካሉ ሲደርስ የይዞታ ካርታ ያለው ምትክ ቦታ ያገኛል፤ የሌለው ጎመኑን ለቅሞ ይሄዳል። የኦቦ ዲሪርሳ ፋይል ደግሞ ጠፍቷል ተብሏል። ስለዚህ በየማለዳው እየመጡ ለስክሪኑ ጀርባ «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላምታ ይሰጡና መልስ ሲያጡ ይቆማሉ።

አንድ ረፋድ ዳኜ ራሱን ይዞ ሲያቃስት ሰሙት።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ሞትኩ።»

«በስመአብ። ታዲያ አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ከመጀመሪያ እጀምራለሁ።»

«እኔንም እንደሱ ነው ያሉኝ» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። «እኔን ግን ሳልሞት ነው።»

ዳኜ ቀና ብሎ አያቸው። ችካሉ የት እንደደረሰ ጠየቃቸው፤ ከጎረቤታቸው ከገለቴ አጥር ሥር እንዳደረ ነገሩት። አሳዘኑት። የሞዴልነት ማዕረጉን ለአፍታ ረስቶ፣ ጽሕፈት ቤቱ በትልቅ ድግስ መርቆ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልነካውን እውነተኛውን የመሬት ሲስተም ከፈተ።

የከተማው ካርታ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በብርቱካናማ ቀለም ተንጣለለ። ጠፋ የተባለው ፋይል ከነሙሉ ስሙ እዚያው ነበር። ዳኜ ማሳዋን ሲጫናት ቦግ አለች፤ ደወልም አሰማች። የመስታወቱ በር ተከፈተ።

«በሥራ ሰዓት ጌም?» አሉ አቶ ሽመክት።

«ሲስተሙ ነው፣ አቶ ሽመክት።»

«ይሄ ቦግ ቦግ የሚለው? ዳኜ፣ እኔ እኮ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ።»

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ባለቀለሙ ጌም ከሁሉም ኮምፒውተሮች እንዲሰረዝ፣ ዳኜም የቀድሞ ትጋቱ ታስቦለት ወደ ግራጫው ሥራው እንዲመለስ ወሰነ። ከግራጫው መስኮት ያልታተመ ሰነድ እንደማይፈርሙም አቶ ሽመክት አስታወቁ።

በማግስቱ ኦቦ ዲሪርሳ መጥተው ችካሉ ነገ ጎመኑ ውስጥ እንደሚገባ ተናገሩ። ዳኜ አሰበ። ጌሙ የመጨረሻውን ዘንዶ ለገደለ ጀግና የሚታተም የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ ሰምቷል፤ ራሱ ግን እስከዚያ ደርሶ አያውቅም። አዲስ ጨዋታ ከፍቶ የጀግናውን ስም «ዲሪርሳ» አለው። አዛውንቱ ዞረው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሰልፈኛውም ተከትሏቸው ገባ። አቶ ሽመክት በመስታወቱ አይተው ሌላ የልምድ ልውውጥ መስሏቸው ተደሰቱ።

ከብዙ ዋሻ በኋላ፣ ዳኜን ሁልጊዜ የሚገድለው በር ጠባቂ ብቅ አለ። ዳኜ ሰይፉን መዘዘ።

«ተው» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። «ምን አጣደፈህ? ጥግ ይዘህ ቁም።»

«ምን እስኪሆን?»

«ምሳ እስኪወጣ።»

እጁን ከማውሱ አነሣ። የአሸዋዋ ሰዓት ደጋግማ ተገለባበጠች። ጠባቂው ዙሪያውን ቃኘ፣ አዛጋ፣ በሩን ክፍት ትቶ ወደ ሌላ ፎልደር ሄደ። ዳኜ ተደነቀ። ከሰልፈኛው ግን የተደነቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ጠባቂውን ከዚህ በፊት የሚያውቁት ይመስሉ ነበር።

ወደ ማምሻው ዘንዶው ሞተ። ፕሪንተሩ በግራጫ ክፈፍ የታጠረ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ፦ ጀግናው ዲሪርሳ ዋሻዎቹን ሁሉ አልፎ ዘንዶውን ስለገደለ፣ የተረገመችው ምድር ከዛሬ ጀምሮ ለእርሱና ለዘሩ ትሁን። አቶ ሽመክት ክፈፉን በናፍቆት አዩት፤ ጽሑፉን ለማንበብ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ፈረሙ፤ ማኅተም አሳረፉ። «ሥራ ማለት ይህ ነው» አሉ። የቀያሾቹ አለቃ በማግስቱ ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን መረመረ። ማኅተሙ ትክክል ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ ምትክ ቦታ ከሚያገኙት ጋር ተመዘገቡ።

ዳኜ ለዚህ ውጤቱ የሦስቱም ከተሞች አሠልጣኝ ሆኖ ተሾሞ ሄደ። ችካሉም ጉዞውን ቀጠለ፤ አቶ ሽመክት በከተማው ጫፍ ካጠሩት ቦታ ደረሰ። የእሳቸው ካርታ ከባለቀለሙ ጌም ጋር ተሰርዟል። ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስታወታቸው ወጥተው በስክሪኑ ማዶ፣ በቲቲ ፊት ቆሙ።

«ቲትዬ፣ እባክሽ የዚህችን ቦታ ነገር...»

ቲቲ ዓይኗን ከግራጫው መስኮት አላነሣችም።

«ይቅርታ አቶ ሽመክት» አለች። «ከባለጉዳይ ጋር እንዳልነጋገር ማስጠንቀቂያ አለብኝ።»

አሁን ለቦታቸው ባለግራጫ ክፈፉን ወረቀት ለማግኘት አቶ ሽመክት ራሳቸው ይጫወታሉ። ባለጉዳዮች በመስታወቱ በኩል ጥግ ይዘው እንዲቆሙ በእጃቸው ያመለክቷቸዋል፤ እሳቸው ግን ደጅ መጥናት ያልለመዱ ሰው ናቸውና ጠባቂውን ባዩ ቁጥር ሰይፍ ይመዝዛሉ። ሰሞኑን ለጉብኝት የመጡ የበላይ አካላት ቀና ሳይሉ ሲሠሩ አይተዋቸው የዓመቱ ሞዴል ኃላፊ ብለዋቸዋል። ችካሉ አጥራቸው ሥር አድሯል።